የስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥና የትኩስ ቲማቲም የምግብ ይዘት ንጽጽር

ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥ (በተለምዶ «ዳይት» ወይም «ዜሮ» የሚባለው) እና ትኩስ ቲማቲም ሁለቱም በአብዛኛው ውሃ የሆኑና ዝቅተኛ ካሎሪ ያላቸው ናቸው። በካሎሪ ብቻ ሲለኩ ለስላሳው ያንሳል፤ 100 ግራም ስኳር አልባ ኮላ ወደ 2 ኪሎካሎሪ፣ 100 ግራም ቲማቲም ደግሞ ወደ 18 ኪሎካሎሪ አለው። በንጥረ ነገር ሲለኩ ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ቲማቲም ቫይታሚን ሲ፣ ፖታሲየም፣ ፎሌት፣ አሰርና ላይኮፒን ሲሰጥ ስኳር አልባው ለስላሳ ከውሃ ሌላ ለሰውነት የሚጠቅም ነገር የለውም ማለት ይቻላል። የስኳር አልባ ለስላሳ ጥቅም የሚታየው ከቲማቲም ጋር ሳይሆን ስኳር ካለው መደበኛ ለስላሳ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ንጽጽሩ ቲማቲም በመስኖ በሚመረትባቸው አካባቢዎች ለዕለት ኑሮ የቀረበ ነው። ከእነዚህ አካባቢዎች አንዱ ቆቦና ዋጃ የሚገኙበት የራያ ቆላ ነው።

ምንነት

ቲማቲም (በሳይንሳዊ ስሙ ሶላኑም ሊኮፐርሲኩም) ከድንች፣ ከበርበሬና ከትምባሆ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በሰው እጅ በስፋት የለማው በሜክሲኮ አካባቢ ነው። በሥነ ዕፅዋት አመዳደብ ፍሬ ቢሆንም በምግብነቱ ከአትክልት ይቆጠራል። በኢትዮጵያ በሰላጣ፣ በፍትፍት፣ በስልስና በወጥ ውስጥ ይበላል፤ በተለይ በጾም ወቅት ከገበታ አይጠፋም።

ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሲድ፣ ቀለም፣ ማጣፈጫና ጣዕም ሰጪ ቅመሞች የያዘ የፋብሪካ ውጤት ነው። በኮላ ዓይነቶች ውስጥ ያለው አሲድ በዋናነት ፎስፎሪክ አሲድ ሲሆን በሎሚና በብርቱካን ጣዕም በሚዘጋጁት ውስጥ ሲትሪክ አሲድ ይበዛል። ጣፋጭነቱ ከስኳር ሳይሆን እንደ አስፓርቴም፣ አሲሰልፌም ፖታሲየም፣ ሱክራሎዝና ሳካሪን ካሉ ማጣፈጫዎች ይመጣል። አስፓርቴም ከስኳር 200 እጥፍ ያህል፣ ሱክራሎዝ ደግሞ 600 እጥፍ ያህል ይጣፍጣሉ። ስለዚህ እጅግ ጥቂት መጠን ይበቃል፤ ካሎሪው ወደ ዜሮ የሚጠጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የስኳር አልባ ለስላሳ ታሪክ

የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ሳካሪን እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ «ኖ ካል» የተባለ ስኳር አልባ መጠጥ ለገበያ ቀረበ፤ መጀመሪያ የታሰበው ስኳር ለተከለከሉ ሕሙማን ነበር። ኮካ ኮላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 «ታብ»ን፣ በ1982 ደግሞ «ዳይት ኮክ»ን አወጣ። አስፓርቴም እ.ኤ.አ. በ1965 በኬሚስቱ ጄምስ ሽላተር የተገኘ ሲሆን፣ በአሜሪካ ለለስላሳ መጠጦች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። «ኮካ ኮላ ዜሮ» እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ።

በኢትዮጵያ ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሲጠመቅ ቆይቷል። በሀገሪቱ ለእንግዳ፣ ለሠርግና ለበዓል የሚቀርበው ለስላሳ በአብዛኛው ስኳር ያለው መደበኛው ዓይነት ነው።

ቲማቲም በራያ ቆላ

የራያ ቆላ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ በደጋው ግርጌ የሚዋሰን ሰፊ ሜዳ ነው። ዋጃ ከቆቦ በስተሰሜን፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል ትገኛለች። የአካባቢው ዋና እህሎች ማሽላና ጤፍ ናቸው። ዝናቡ አጭርና የሚቆራረጥ በመሆኑ ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው የመምራት የቆየ ልማድ አለው።

ከሜዳው ሥር ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ አለ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካይነት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው የጠብታና ሌሎች የመስኖ ዘዴዎች ተዘርግተዋል። በመስኖ ከሚለሙት ሰብሎች መካከል ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በርበሬ ይገኙባቸዋል። ሙቀቱና የበጋው ፀሐይ ለቲማቲም ይስማማሉ።

የቲማቲም ችግሩ መበላሸቱ ነው። ብዙ ማሳ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወርዳል፤ በእንጨት ሳጥን ተጭኖ ረጅም መንገድ ሲሄድም ይጨፈለቃል። በፋብሪካ የታሸገ ለስላሳ ግን ወራት ይቆያል፣ ዋጋውም ከቀን ወደ ቀን እንደ ቲማቲም አይዋዥቅም። አንድ የመንገድ ዳር ሱቅ ለስላሳን በቀላሉ ማከማቸት የሚችለው፣ ከአቅራቢያው ማሳ የተለቀመ ቲማቲም ግን በጥቂት ቀን ካልተሸጠ የሚከስርበት ለዚህ ነው።

የንጥረ ነገር ንጽጽር

ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች በ100 ግራም ግምታዊ አማካይ ናቸው። የቲማቲም ይዘት እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ ብስለቱ፣ የለስላሳው ደግሞ እንደ ምርቱ ዓይነት ይለያያል።

| ይዘት | ትኩስ ቀይ ቲማቲም | ስኳር አልባ ኮላ | መደበኛ ኮላ |
|---|---|---|---|
| ውሃ | 94.5 ግራም | 99.5 ግራም | 90 ግራም ገደማ |
| ኃይል | 18 ኪሎካሎሪ | 2 ኪሎካሎሪ | 42 ኪሎካሎሪ |
| ስኳር | 2.6 ግራም | 0 | 10.6 ግራም |
| አሰር | 1.2 ግራም | 0 | 0 |
| ፕሮቲን | 0.9 ግራም | 0.1 ግራም | 0 |
| ቫይታሚን ሲ | 13.7 ሚሊግራም | 0 | 0 |
| ፎሌት | 15 ማይክሮግራም | 0 | 0 |
| ቫይታሚን ኤ | 42 ማይክሮግራም | 0 | 0 |
| ፖታሲየም | 237 ሚሊግራም | 8 ሚሊግራም | ከ5 ሚሊግራም በታች |
| ፎስፎረስ | 24 ሚሊግራም | 9 ሚሊግራም | 10 ሚሊግራም |
| ላይኮፒን | 2.6 ሚሊግራም | 0 | 0 |
| ካፌይን | 0 | 12 ሚሊግራም | 10 ሚሊግራም ገደማ |

ላይኮፒን ለቲማቲም ቀይ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው። ቲማቲም እየቀላ ሲሄድ መጠኑ ይጨምራል።

በአንድ ጊዜ በሚበላና በሚጠጣ መጠን

ሰው በ100 ግራም እየመዘነ ስለማይበላ ንጽጽሩን በተለመደው መጠን ማየት ይጠቅማል። ሁለት መካከለኛ ቲማቲሞች ወደ 250 ግራም ይመዝናሉ። ከእነርሱ 45 ኪሎካሎሪ፣ 3 ግራም አሰር፣ 590 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየምና 34 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክሩት ቫይታሚን ሲ በቀን 45 ሚሊግራም ነው፤ ሁለቱ ቲማቲሞች የዚህን ሦስት አራተኛ ይሸፍናሉ።

300 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ስኳር አልባ ኮላ ከ6 ኪሎካሎሪ የማይበልጥ ኃይልና 36 ሚሊግራም ያህል ካፌይን አለው። ቫይታሚንም ሆነ አሰር የለውም። ያው 300 ሚሊሊትር መደበኛ ኮላ ቢሆን ወደ 32 ግራም ስኳርና 126 ኪሎካሎሪ ይኖረዋል። ይህ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 2000 ኪሎካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 ግራም ነው። አንድ ጠርሙስ መደበኛ ለስላሳ ከዚህ ከግማሽ በላይ ይወስዳል።

የካሎሪ መለኪያ ገደብ

ምግቦችን በጥራት ለማወዳደር ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በ100 ኪሎካሎሪ ውስጥ ምን ያህል ንጥረ ነገር እንዳለ ማስላት ነው። ዘዴው ለአብዛኛው ምግብ ይሠራል፤ ካሎሪው ወደ ዜሮ ለሚጠጋ ነገር ግን ያሳስታል። ከላይ ባለው ሠንጠረዥ መሠረት ሲሰላ ስኳር አልባ ኮላ በ100 ኪሎካሎሪ 400 ሚሊግራም ፖታሲየም ያለው ይመስላል፤ ይህም በወረቀት ላይ ከብዙ ምግቦች የተሻለ ነው። ነገር ግን 100 ኪሎካሎሪ ለማግኘት 5 ሊትር መጠጣት ያስፈልጋል። በ5 ሊትር ውስጥ ደግሞ 600 ሚሊግራም ካፌይን አለ፤ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እንዳይታለፍ የሚመከረው 400 ሚሊግራም ነው። በቲማቲም በኩል 100 ኪሎካሎሪ ማለት 556 ግራም ያህል ሲሆን ይህ በሁለት ጊዜ ገበታ ሊበላ የሚችል መጠን ነው፤ 1300 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየምም ይገኝበታል።

በጠርሙስ ላይ «ዜሮ ካሎሪ» የሚለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለሌለው ነገር ብቻ ነው። ስኳር አለመኖሩን ያረጋግጣል እንጂ ጠቃሚ ነገር ስለመኖሩ ምንም አይልም።

ቫይታሚን ሲና የእንጀራ ብረት

ቲማቲም ራሱ ብዙ ብረት የለውም፤ በ100 ግራም ያለው 0.3 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ጥቅሙ በሌላ መንገድ ይመጣል። ጤፍና ማሽላ ብረት ቢኖራቸውም ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ከሥጋ እንደሚገኘው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት፣ በአንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች ደግሞ ታኒን፣ ብረቱን ይይዙታል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ቫይታሚን ሲ ያለው ምግብ በዚያው ገበታ ላይ ሲበላ ደግሞ ሰውነት የሚወስደው ብረት ይጨምራል።

ስለዚህ ከማሽላ ወይም ከጤፍ እንጀራና ከሽሮ ጋር የሚቀርብ ጥሬ የቲማቲም ሰላጣ ገበታውን ከማሳመር ያለፈ ሥራ አለው። ይህ በተለይ የደም ማነስ ለሚያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች፣ በወር አበባ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና ለሕፃናት ይጠቅማል። ሰላጣው ላይ ቃሪያ ሲጨመርበት ጥቅሙ ይበልጣል፤ ቃሪያ በክብደት ሲታይ ከቲማቲም ብዙ እጥፍ ቫይታሚን ሲ አለው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን የብረቱን መወሰድ ስለሚቀንሱ ከምግቡ ራቅ ብለው ቢጠጡ ይመረጣል። ስኳር አልባ ለስላሳ ቫይታሚን ሲ ካልተጨመረበት በቀር በዚህ ረገድ የሚያግዘው ነገር የለም።

የማጣፈጫዎች ደህንነት

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርቴምን «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» በሚለው ምድብ 2ለ ውስጥ አስገባው። ምድቡ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አያሳይም፤ የቀረበውም ማስረጃ ውስን ነበር። በዚያው ጊዜ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ቀድሞ የነበረውን የዕለት ጣሪያ፣ ማለትም በአንድ ኪሎግራም የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም፣ ለመቀየር በቂ ምክንያት እንዳላገኘ አስታወቀ። አንድ ጣሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም አስፓርቴም ቢኖረው፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጣሪያውን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ በላይ መጠጣት ይኖርበታል።

ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለው በዘር የሚወረስ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን አስፓርቴምን መውሰድ የለባቸውም። ሰውነታቸው በውስጡ ያለውን ፌኒልአላኒን በአግባቡ መፍጨት አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር ዋና ዘዴ አድርጎ መጠቀምን አይመክርም። ምክንያቱ በረጅም ጊዜ የሰውነት ስብን የመቀነስ ጥቅማቸው አለመረጋገጡ ነው። መመሪያው አስቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም።

ለስኳር ሕሙማን

ስኳር አልባ ለስላሳ የደም ስኳርን እንደ መደበኛው ለስላሳ በፍጥነት ከፍ አያደርግም። ስለዚህ በሠርግ ወይም በበዓል ለስላሳ መጠጣት ለሚፈልግ የስኳር ሕመምተኛ ከመደበኛው ይሻላል። ቲማቲምም ስኳሩ አነስተኛ በመሆኑ በተለመደው የገበታ መጠን ለስኳር ሕሙማን ከሚመከሩ አትክልቶች አንዱ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ሕይወት የሚያድንበት ጊዜም አለ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ከመጠን በላይ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል፤ ካልታገዘም ራሱን ሊስት ይችላል። በዚህ ጊዜ መዋጥ ለሚችል ሰው የሚሰጠው በፍጥነት ወደ ደም የሚገባ 15 ግራም ያህል ስኳር ነው። 150 ሚሊሊትር ያህል መደበኛ ለስላሳ ይህን መጠን ይሰጣል። ስኳር አልባው ለስላሳ ግን ምንም አይረዳም፤ መልኩና ጣዕሙ ስለሚመሳሰል አስታማሚው በስህተት ቢሰጥ ውድ ደቂቃዎች ይባክናሉ። ቲማቲምም ለዚህ አይሆንም፤ 15 ግራም ስኳር ለማግኘት ከግማሽ ኪሎ በላይ ቲማቲም መብላት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ጥም፣ ጥርስና ሌሎች ጉዳዮች

በቆላ ሙቀት ሁለቱም ለሰውነት ውሃ ይጨምራሉ፤ ጥም ለመቁረጥ ግን ንጹሕ ውሃ ይበቃል። በተቅማጥ ምክንያት ሰውነት ውሃ ሲያጣ ስኳር አልባ ለስላሳ የኦአርኤስን ቦታ ሊተካ አይችልም። ኦአርኤስ የሚሠራው በተመጠነ ግሉኮስና ጨው አማካይነት ሲሆን ስኳር አልባው ለስላሳ ግሉኮስ የለውም፣ ጨውም እጅግ ጥቂት ነው።

ለስላሳው ስኳር ባይኖረውም አሲዳማ ነው። የስኳር አልባ ኮላ ፒኤች ወደ 3 ይጠጋል፤ የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ከ5.5 ገደማ በታች መሟሟት ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ትንሽ በትንሹ መጠጣት ጥርስን ይበልጥ ይጎዳል። ቲማቲምም አሲዳማ ሲሆን ፒኤቹ በአብዛኛው ከ4.2 እስከ 4.9 ነው፤ ቃር የሚያስቸግራቸውን ሰዎች ሁለቱም ሊያባብሱባቸው ይችላሉ። ኩላሊታቸው የደከመና ፖታሲየም እንዲቀንሱ የታዘዙ ሕሙማን የቲማቲምን መጠን ከሐኪማቸው ጋር መወሰን ይኖርባቸዋል።

አዘገጃጀትና ጥንቃቄ

ቲማቲም ሲበስል ከቫይታሚን ሲው የተወሰነው ይጠፋል። ላይኮፒኑ ግን ከተክሉ ሴሎች ስለሚላቀቅ፣ በዘይት ሲሠራም በስብ ስለሚሟሟ፣ ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይወስደዋል። በዚህ ምክንያት ጥሬ ሰላጣና በዘይት የተቁላላ ስልስ አንዱ ሌላውን ይደግፋል እንጂ አይተካም።

ጥሬ የሚበላ ቲማቲም በንጹሕ ውሃ በሚገባ መታጠብ አለበት፤ በመስኖ ውሃና በአያያዝ ጊዜ ጀርም ሊነካው ይችላል። ፀረ ተባይ የተረጨ ማሳ ደግሞ በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ መለቀም የለበትም። ማጠብ ከላይ ያለውን ቅሪት ቢቀንስም ወደ ውስጥ የዘለቀውን አያወጣም።

በአመጋገብ ውስጥ ያላቸው ቦታ

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኢትዮጵያ የምግብ አመጋገብ መመሪያም አትክልትን በየቀኑ መመገብንና ስኳር፣ ጣፋጭና ለስላሳ መጠጦችን መቀነስን ያሳስባል። ሁለት ቲማቲሞች ከ400 ግራሙ ከግማሽ በላይ ይሸፍናሉ፤ ስኳር አልባ ለስላሳ ምንም አይሸፍንም።

ቲማቲም ብቻውን የተሟላ ምግብ አይደለም። ፕሮቲኑና ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ከእህልና ከጥራጥሬ ጋር መበላት አለበት። በቫይታሚን ኤ ይዘቱም ካሮትና ጎመን ይበልጡታል። ስኳር አልባ ለስላሳም በልክ ሲጠጣ ለአብዛኛው ሰው መርዝ አይደለም፤ ምግብ ግን አይደለም። መደበኛ ለስላሳ ማዘውተር የለመደ ሰው ወደ ስኳር አልባው ሲዞር ከእያንዳንዱ ጠርሙስ 32 ግራም ያህል ስኳር ይቀንሳል፤ ወደ ውሃ ሲዞርም ያንኑ ስኳር ይቀንሳል፣ አሲዱንም ያስቀራል። በለስላሳው ዋጋ ቲማቲም ገዝቶ ከእንጀራው ጋር የሚበላ ደግሞ በዚሁ ላይ ቫይታሚን፣ ፖታሲየምና አሰር ያገኛል።